ሚዛኗን አላውስም

ባለፈው ሳምንት ሦስት ወጣቶች ቤቴ መጡ። ባህር ዳር ተወልደው ያደጉ ናቸው። ከጓደኞቻቸው ጋር ጣና ላይ የአሳ ማጥመድ ውድድር ሊያደርጉ አስበዋል። ሁለት ጀልባ፣ ስምንት ሰው፣ አንድ ቀን። የተሸነፈ ምሳ ይጋብዛል። ሐሳባቸው ደስ አለኝ። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ አንደኛው፣ «ጋሼ፣ ያቺ ተንጠልጣይ ሚዛን አሁንም አለችዎት? ለነሐሴ ቢያውሱን» አለኝ።

ሚዛኗ አለች። ጓዳ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች። ግን መልስ መስጠት አቃተኝ። ልጆቹ የሰሰትኩ መስሏቸው ቅር ብሏቸው ሄዱ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት።

ነሐሴ 1989 ዓ.ም. ነበር። የአሳ ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። ሆላንድ ተምሬ ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ስድስት የሥራ ባልደረቦች በሁለት የሞተር ጀልባ ለአሳ ማጥመድ ውድድር ወጣን፤ የሚያሸንፈው ከባዱን አሳ ያወጣ ነው። ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ የገቡት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የእኛን ጀልባ የሚነዳው ግን ከደንገል በሚታሰር ታንኳ ላይ ያደገ፣ ጣና ዳር ከሚኖሩት ከወይጦዎች ወገን የሆነ ሽማግሌ ነበር። ሁላችንም «አያ» ነበር የምንለው። ያን ጊዜ እንቦጭ የሚባለውን የውሃ አረም ስሙንም አንሰማም፤ ሐይቁ ላይ የታየው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ2004 ገደማ ነው። ዳር ዳሩን ደንገሉ ብቻ ነበር የሚታየው። ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ ጭስ የመሰለ ጉም ይተኛል። ያን ጉም እስካሁን ይናፍቀኛል።

ክብራን ገብርኤል ደሴትን አለፍን። አያ ዘጌ አጠገብ ቆመን ቆሮሶ (ቲላፒያ) እንድናጠምድ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ትልቅ አሳ ፈለግሁ። የት እንዳለም አውቃለሁ። በክረምት ነጭ አሳ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። የተማርኩት ትምህርት ነው። «ግልገል አባይ አፍ ድረስ እንሂድ» አልኩ።

አያ ሞተሩን ቀነስ አደረገና፣ «ልጄ፣ አሁን እዚያ ያለው አሳ መንገደኛ ነው፤ ተዉት» አለኝ።

አልተውኩም።

ግልገል አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ፣ የጎጃምን አፈር ጠርጎ ይመጣል። ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ቡናማው ውሃ ከሰማያዊው ጋር በመስመር ይለያል። መስመሩ ላይ ቆምን። የምድር ትል መንጠቆ ላይ ሰክቼ ጣልኩ። ከዚያ በፊት አንዱ ጓደኛዬ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ አምባዛ አውጥቶ እየመራ ነበር። ብዙም ሳልቆይ ክሩ እጄን ቆረጠኝ። ስትታገለኝ ቆይታ ጎኗን ሰጠች። ወርቅማ ቅርፊት፣ ወፍራም ከንፈር፣ የተነፋ ሆድ። ነጭ አሳ ናት፤ ሴት።

ሚዛኗ ላይ ሰቀልኳት። 3 ኪሎ ከ400 ግራም። ስትንጠለጠል ሆዷ ወደ ታች ተጫነና እንቁላሉ ይፈስ ጀመር። ቢጫ ነው፤ ከማሽላ ፍሬ ያንሳል። በአንጓዬ ላይ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ፤ የቀረው ጀልባው ወለል ላይ ተዘረገፈ። ጓደኞቼ ያጨበጭባሉ። አያ ምንም አላለም። ጎንበስ ብሎ እንቁላሉን በመዳፉ እየዛቀ ወደ ሐይቁ መለሰው። ሦስቴ፣ አራቴ። ወንዱ ያላገኘው እንቁላል እንደማይፈለፈል አውቃለሁ። እሱም የሚያውቅ ይመስለኛል። ቢሆንም እስኪያልቅ ድረስ ዛቀ።

አሸነፍኩ። ምሳ ተጋበዝኩ። በላሁም።

የሚቆጨኝ አለማወቄ አይደለም። ሆላንድ ሳለሁ የባሕር አጥማጆች ማኅበር አንድ ቀን በጀልባቸው ይዘውኝ ወጥተው ነበር። ባሕሩ አንገላቶኝ ግማሹን ቀን ተኝቼ ዋልኩ። ያየሁትን ግን አልረሳውም። ጠዋት በጀልባው ጠርዝ ላይ ማን የት እንደሚቆም በዕጣ ለዩ። አሳ ሲወጣ በረጠበ ጣውላ ላይ አጋድመው ርዝመቱን ይለካሉ። ኮድ የሚባለው አሳ ከ35 ሳንቲሜትር ካነሰ ነጥብ የለውም፤ ወዲያው ወደ ውሃው። ሽማግሌው፣ ልጁ፣ ሁሉም እየተሳሳቁ ይመዘግባሉ። ያንን አይቼ መጥቼ ነው አገሬ ላይ በኪሎ የተወዳደርኩት።

በኪሎ ስትወዳደሩ ደግሞ በክረምት ከሁሉ የምትከብደው እንቁላል የያዘችዋ ናት። ሚዛኑ ራሱ እናቲቱን አምጡ ይላችኋል። ይህን ያኔ ማንም አልነገረኝም። አይ፣ አያ ነግሮኛል።

ጣና ውስጥ የነጭ አሳ ወገን የሆኑት 15 ያህል ዝርያ አላቸው፤ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ የትም የሉም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ክትትል፣ ለመራባት ወንዝ የሚወጡት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ የሚባል ሐይቅም እንዲህ ያለ የአሳ ቤተሰብ ነበረው፤ አብዛኛው ዛሬ የለም። የጣናን አሳ ያመናመነው ወንዝ አፍ ላይ የሚጣለው መረብ ነው እንጂ የእኔ አንድ መንጠቆ አይደለም ማለት እችላለሁ። እውነትም ነው። ግን መረብ የሚጥለው ሰው ልጆቹን ሊያበላ ነው የሚጥለው። እኔ የጣልኩት ለጭብጨባ ነው።

እናንተ ደግሞ ስልክ አላችሁ። አሳውን አቅፋችሁ አሥር ፎቶ እስክትነሱ ስንጥቡ ይደርቃል። ትዕግሥት አጥታችኋል ልል ነበር፤ እኔ በእናንተ ዕድሜ የባስኩ ነበርኩ። አንድ ፎቶ ይበቃል፤ እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙት። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ባለጀልባው «እንመለስ» ካለ አትከራከሩት።

ነሐሴን ተዉት፤ ህዳር ላይ አድርጉት። ዘጌ አጠገብ ቆሮሶ አይታጣም። ህዳር ከሆነ እኔም እመጣለሁ። ሚዛኗ ሚስማሯ ላይ ትቆይ። ትናንት አናጺው ጋ ሄጄ አንድ ሜትር ጣውላ አስልጌ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ለጠፍኩበት። በሩ አጠገብ ነው የቆመው። መጥታችሁ ውሰዱት።