መልስ፦ ስክሪፕቱ «ቆሟል» ይላል፣ ሰርቪሱ ግን ይሠራል

ሊኑክስ ላይ ሰርቪስን (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራምን) የሚያስነሳውና የሚያቆመው ስክሪፕት «ቆሟል» እያለህ ሰርቪሱ ለምን እንደሚቀጥል ጠይቀሃል። ስክሪፕቱ ሰርቪሱን በስሙ አይደለም የሚያቆመው። በአብዛኛው ቫር/ራን ውስጥ ካለው የፒአይዲ ፋይል (የፕሮሰሱ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም፣ መለያ ቁጥር የተጻፈበት) ቁጥሩን ያነብና ለዚያ ቁጥር ሲግናል 15ን፣ ማለትም «በሥርዓት ጨርሰህ ቁም» የሚለውን ተርምን፣ ይልካል። ሰርቪሱ ወድቆ ያለ ስክሪፕቱ በቀጥታ ካስነሳኸው፣ ፋይሉ ውስጥ የቀረው የድሮው ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ሲግናሉ የትም አይደርስም። የከፋው ደግሞ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ያንን ቁጥር ለሌላ ፕሮሰስ ሰጥቶት ከሆነ ነው፤ ያለ ጥፋቱ የሚገደለው እሱ ነው! ስለዚህ መጀመሪያ የፋይሉን ቁጥር «ፒኤስ» የሚባለው ፕሮሰሶችን የሚዘረዝር ትእዛዝ ከሚያሳይህ ጋር አስተያይ።

ዴቢያን (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ከሆንክ ስክሪፕቱ ሰርቪስ ለማስነሳትና ለማቆም ለሚጠራው መሣሪያ፣ ለስታርት-ስቶፕ-ዴመን፣ «ፒድፋይል» እና «ኤክሴክ» የሚሉትን አማራጮች አንድ ላይ ስጠው፤ ቁጥሩ የዚያው ፕሮግራም መሆኑን ያጣራል። «ሪትራይ» በሚለው አማራጭ ላይ «ተርም/30/ኪል/5» ጻፍ፦ ተርም ልኮ እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ሰርቪሱ እምቢ ካለ በሲግናል 9 (ኪል) በግድ ይገድለዋል፣ ከዚያ እስከ 5 ሰከንድ ይጠብቃል። ዳታቤዝ ከሆነ 30ውን አብዛው፤ ዳታ ዲስክ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ በ9 መግደል አደገኛ ነው።