ከመክሰሳችሁ በፊት ቁጠሩ

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ብዙዎቻችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣችሁ አላችሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪ የጀመራችሁም አላችሁ። ጥያቄያችሁ ግን ይመሳሰላል። «በዱር እንስሳትና በበሽታ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ቫይረስ ላጥና?» ትሉኛላችሁ።

መልሴ ሁልጊዜ ቅር ያሰኛችኋል። እርሳስ ግዙ እላለሁ።

ቀልዴን አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ወር ሙሉ ከዋሻ አፍ ላይ መረብ ዘርግቼ የሌሊት ወፍ ስይዝ ከረምኩ። ሥራው የሚጀምረው ሲመሽ ነው። ወፎቹ ሲወጡ መረቡ ይይዛቸዋል። አንድ በአንድ ትፈታላችሁ፣ ክንዳቸውን ትለካላችሁ፣ ናሙና ወስዳችሁ ትለቃላችሁ። እኔ ከጸጉራቸው የለቀምኳቸውን ጥገኛ ነፍሳት አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ። በየብልቃጡም አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት አስገባሁ። ቀኑንና ቁጥሩን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ጽፌበታለሁ። ላቦራቶሪ ደርሼ ሳጥኑን ስከፍት አልኮሉ ሰማያዊ ሆኗል። ወረቀቶቹ ባዶ ናቸው። የትኛው ነፍሳት ከየትኛው ወፍ እንደመጣ የሚያውቅ የለም። የወር ልፋቴን ውኃ በላው።

አለቃዬ አልተቆጡኝም። ከኪሳቸው አጭር እርሳስ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ወጡ። የእርሳስ ጽሑፍን አልኮል አይነካውም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ ይከፋል። ጥፋት መሆኑን ያወቅኩትም ከዓመታት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ «አጋዘኖች እየረገፉ ነው» ተብለን ተጠራን። ሄድን፣ ሬሳ ቆጠርን፣ ናሙና ወሰድን፣ ወፍራም ሪፖርት ጻፍን። በኋላ አንዲት ተማሪ ሪፖርቱን አንብባ፣ «ያልሞቱት ስንት ነበሩ?» አለችኝ። አፌ ተያዘ። 40 ሬሳ ከ50 እንስሳት መሀል ከሆነ እልቂት ነው። ከ5,000 መሀል ከሆነ ግን ክፉ ዓመት ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ በሕይወት ያሉትን አልቆጠርኩም። ወረርሽኝ በሌለበት ዓመት ደግሞ እዚያ ቦታ ደርሼም አላውቅም። ስለዚህ ያ ሁሉ ሪፖርት ስለ ሬሳ እንጂ ስለ በሽታ የሚናገረው ነገር የለውም ማለት ይቻላል።

ይህን የምነግራችሁ በእኛ ሙያ ጥፋተኛ ለመፈለግ የሚቸኩል ሰው ስለበዛ ነው። በሽታ ሲነሳ ሁሉም ጣቱን አንድ አውሬ ላይ ይቀስራል። ያ አውሬ ግን ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ራሱ ተጎጂም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ቀድሞ የቆጠረ ሰው ብቻ ነው።

የሄንድራ ቫይረስን ነገር ውሰዱ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1994 አውስትራሊያ ውስጥ፣ በብሪዝበን ከተማ ሄንድራ በሚባል ሰፈር፣ ከደርዘን በላይ የእሽቅድምድም ፈረሶች ሞቱ። አሰልጣኛቸውም ሞተ። ቫይረሱ የመጣው ከትልልቆቹ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች እንደሆነ ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። ከወፍ ወደ ፈረስ፣ ከፈረስ ወደ ሰው። ቀላል ይመስላል። ግን ወፎቹ ከጥንትም እዚያው ነበሩ። ታዲያ ፈረስ የሚታመመው አንዳንድ ዓመት ብቻ ለምንድን ነው?

መልሱ ደህና ሆኖ የወጣው በ2022 ነው። ተመራማሪዎቹ ከ1996 እስከ 2020 ያለውን የ25 ዓመት መዝገብ አንድ ላይ አስቀመጡት። ወፎቹ የት እንዳደሩ፣ ምን እንደበሉ፣ የአየሩ ጠባይ፣ የጫካው መመናመን፣ በሽታው ከወፍ ወደ ፈረስ የተሻገረበት ቀን፤ ሁሉም አለበት። ታሪኩ እንዲህ ነው። እነዚህ ወፎች ዋነኛ ምግባቸው የባሕር ዛፍ አበባ ወለላ ነው። በክረምት የሚያብበው ጫካ ተመነጠረ። ኤል ኒኞ የሚባለውን የአየር ጠባይ መዛባት ተከትሎ አበባ ሲጠፋ ወፎቹ በትንንሽ መንጋ ተበታትነው ወደ እርሻና ወደ ከተማ ዳር መጡ። ፈረስ በሚግጥበት ሜዳ ዛፍ ላይ ያድራሉ፣ ሽንታቸው ሣሩ ላይ ይወርዳል። በዚያ ጊዜ በሽታው ይሻገራል። የቀረው ጫካ በክረምት ሞልቶ ባበበበት ዓመት ግን ወፎቹ ወደዚያ ይሄዳሉ። በዚያ ክረምት ከወፍ ወደ ፈረስ የሚሻገር ቫይረስ አይኖርም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ስለ አበባው ከጠየቋቸው ሰዎች መሀል ንብ አናቢዎች መኖራቸው ነው። የትኛው ጫካ መቼ እንዳበበ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ቫይረስ ለማጥናት ንብ አናቢ ዘንድ ሂዱ የሚል ትምህርት እኔ አልተማርኩም። እናንተ ተማሩ።

ቸኩሎ መክሰስ ቸኩሎ መግደልን ያመጣል። በ2007 ዩጋንዳ ውስጥ ኪታካ በሚባል ማዕድን ማውጫ የሚሠሩ ሰዎችን ማርበርግ የሚባል ገዳይ ቫይረስ ያዛቸው። ጉድጓዱ የሌሊት ወፎች መኖሪያ ነበር። ወፎቹን ፈጇቸው፣ መግቢያውንም ዘጉት። ሰው ፈርቶ ነው፤ አልፈርድበትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሌሎች ወፎች ጉድጓዱን ተመልሰው ያዙት። ተመራማሪዎች ሲመረምሯቸው ቀድሞ 5 በመቶ ገደማ የነበረው የተያዙት ወፎች ድርሻ ከ13 በመቶ አልፎ ተገኘ። ወፎቹ በጣም ጥቂት ሆነዋል፤ በቫይረሱ የተያዙት ድርሻ ግን ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። የሚሰጠው ማብራሪያም ግልጽ ነው። አሮጌዎቹ ወፎች ብዙዎቹ አንዴ ታመው ድነዋል፤ አካላቸው ቫይረሱን ያውቀዋል። እነሱ ሲያልቁ ቦታውን የሚይዙት ቫይረሱን አይተው የማያውቁ አዲሶች ናቸው። ለቫይረሱ ይህ ሰርግና ምላሽ ነው።

እንግሊዝም ተመሳሳይ ነገር አይታለች። ከ1998 እስከ 2005 በተደረገ ሙከራ ወደ 11,000 የሚጠጉ ባጀሮች ተገደሉ። ባጀር ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ነው፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያስተላልፋል ተብሎ ነው የተገደለው። ደጋግመው በገደሉበት ቦታ ውስጥ በከብቶች ላይ ያለው በሽታ ቀነሰ። በዙሪያው ባሉት እርሻዎች ግን ጨመረ። የተረፉት ባጀሮች ክልላቸው ስለፈረሰ ከበፊቱ ርቀው መንከራተት ጀምረው ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ተላላፊ በሽታ የለም። በደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች እንደ ቅጠል ሲረግፉ ብዙ ሰው የጠረጠረው ቫይረስ ነበር። ሬሳቸው ሲከፈት ሆድ ዕቃቸው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። ቫይረስ ተፈለገ፣ ጠፋ። ፓኪስታን ውስጥ የሚሠራው ቡድን መጨረሻ ላይ ያነሳው ጥያቄ ተራ ነው፤ እነዚህ አሞሮች ምን ይበላሉ? የሞተ ከብት። ከብቱስ ምን ተሰጥቶት ነበር? ዲክሎፌናክ። አዎ፣ ለወገብ ሕመም የምንውጠው ዲክሎፌናክ። ውጤቱ በ2004 ታተመ። በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። እስከዚያ ድረስ ግን ከሦስት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አልቀዋል። ሬሳውን የሚያነሳ ሲጠፋ ውሻ በዛ። ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት አብሮ መጣ። በሽታ ነው ተብሎ የተጀመረው ምርመራ መድኃኒት ላይ አረፈ፤ መድኃኒቱ ደግሞ ዞሮ ሌላ በሽታ ጠራ። የሙያችን ውበትም ራስ ምታትም ይኸው ነው።

አቅጣጫውን ደግሞ አትርሱ። ሁልጊዜ ከዱር ወደ ሰው አይደለም። የእኛው አገር ቀይ ቀበሮ አዋቂዎቹ በጠቅላላው ከ500 ያንሳሉ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ደጋግሞ አጭዷቸዋል። የሚያመጣባቸው የቤት ውሻ ነው። በ2018 ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ ማብላት ተጀመረ። ይህ የተቻለው የትኛው መንጋ የት እንደሚያድር፣ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ለዓመታት የተከታተሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልገስጻችሁ። «ብዝኀ ሕይወት ከበሽታ ይጠብቀናል» የሚለውን መፈክር ሳታላምጡ አትዋጡ። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ መዥገር ለሚያስተላልፈው «ላይም» ለሚባል በሽታ የሚያሳምን መረጃ አለ። እዚያ በሽታውን ለመዥገር በብዛት የሚሰጠው አንድ ዓይነት አይጥ ነው። ጫካው ተቆራርጦ ሌላው እንስሳ ሲጠፋም እሱ ይቀራል። ለሌላ በሽታና ለሌላ ቦታ ግን ነገሩ እንዲህ ላይሆን ይችላል፤ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከሩበታል። ዱርን የምወድ ሰው ነኝ። ግን በደካማ ማስረጃ የተሟገትኩለት ዱር፣ ማስረጃው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ጫካ እንዲጠበቅ በሽታ ይከላከላል ማለት የግድ አይደለም።

ከሰው ጋር ስታወሩም ተጠንቀቁ። በ2017 ብራዚል ውስጥ ቢጫ ወባ ሲነሳ ሰዎች ዝንጀሮ መግደል ጀመሩ። ዝንጀሮ በሽታውን በቀጥታ ለሰው አይሰጥም፤ የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። እንዲያውም ጯሂ የሚባሉት ዝንጀሮዎች ሲሞቱ ነው በሽታው እንደደረሰ የሚታወቀው። ደውሉን ሰበሩት ማለት ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ወረርሽኝ ሲመጣ ይጎርፋል፣ ሲሄድ ይደርቃል። ቆጠራውን የሚያቋርጠው ይኸው ነው። በደረቁ ዓመት በወር አንድ ቀንም ቢሆን ሄዳችሁ ቁጠሩ።

ከመስክ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ውሰዱ። ለፎቶ ብላችሁ ጓንት አታውልቁ። ይህን ስታደርጉ ያየኋችሁ አላችሁ፤ ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ።

ያቺ ተማሪ ከጠየቀችኝ ቀን ወዲህ ያልያዝኩበትንም ቀን እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ የድሮ ደብተሮቼን ልይ ብሎ መጣ። ዝናብ የመታቸው፣ ጠርዛቸው የተበላ ደብተሮች ናቸው። ብዙ መስመር ላይ «መረብ ተዘረጋ፤ 4 ሰዓት ተጠበቀ፤ ዜሮ» ይላል። ልጁ የያዝኳቸውን ወፎች ዝርዝር ትቶ ዜሮዎቹን ብቻ መገልበጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው የጠፉት?» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ ገጹን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመርኩ።