ከሰንዳፋ እስከ ጫጫ ዝም

ከደብረ ብርሃን የጻፉልኝ አባት የ16 ዓመት ልጅ አለቻቸው፣ 3,000 ሜትር ትሮጣለች። አዲስ አበባ ውድድር ላይ ወድቃ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሌሊት 11 ሰዓት ሲቀሰቅሷት አትነሳም፤ ክፍሏን ዘግታ ስልኳ ላይ ናት። «ሰነፈችብኝ፣ ዕድሜዋም እያለፈ ነው፣ ምን ብዬ ልመልሳት?» ይላሉ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ሰዓታችን»፣ «ውድድራችን»፣ «ተሸነፍን» ይላል። ስትወድቅ የት እንደተመታች ግን አልጻፉም። እሷ የተናገረችው አንድ ቃል እንኳ የለበትም። ለጫማዋ ብለው በግ እስከ መሸጥ መድረስዎን አይቻለሁ፤ እንደሚወዷት አልጠራጠርም።

እኔን የያዘችኝ እግረ መንገድዎን የጣሏት ነገር ናት፦ «ያን ቀን ምንም ሳልናገራት ተመለስን»። 130 ኪሎ ሜትር እኮ ነው! ሰንዳፋ ዝም፣ ሸኖ ዝም፣ ጫጫ ዝም። እርስዎ ምናልባት አዝነው፣ ወይም ክፉ ቃል እንዳይወጣዎ ፈርተው ይሆናል። ልጅ ግን የአባቷን ዝምታ ባዶውን አትተወውም፣ «ካላሸነፍኩ አይፈልገኝም» ብላ ራሷ ትሞላዋለች። እንግዲህ ሌሊት በሩን ሲያንኳኩ የሚመጣባት ያ መንገድ ነው፤ ሮጣ ብትሸነፍ ይደገማል፣ ካልተነሳች ግን አይደገምም። ስንፍና ያሉት ለእኔ ፍርሃት ይመስለኛል።

የዕድሜውን ነገር አልቀበልዎትም። የሰሜን ሸዋው የጃቶ ልጅ አበበ ቢቂላ በፈረንጆቹ 1960 ሮም ላይ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። የ15 ዓመት ልጆች ከአዋቂ ጋር ይወዳደሩበት የነበረው የበረዶ ላይ ስኬቲንግ እንኳ፣ ለልጆቹ አካልና አእምሮ ጤና ሲባል ዝቅተኛው ዕድሜ ወደ 17 ከፍ እንዲል በ2022 ተወስኗል። የእርስዎ ልጅ እዚያ ብትሆን ገና ተራዋ አልደረሰም።

ለጊዜው መቀስቀሱን ይተዉት። ስለ ሩጫ ሳያነሱ፣ ስለዚያ መንገድ ብቻ ይቅርታ ይጠይቋት። ላትመልስልዎ ትችላለች፣ ይታገሱ። የሚያደክማት ከሆነ ወይም የወር አበባዋ ቀርቶ እንደሆነ እናቷ ቀስ ብላ ትጠይቃት፤ እንዲያ ከሆነ ሐኪም ይያት። መብላት መተኛት ካቃታት ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ባለሙያ ጋር ይውሰዷት።

እርስዎም ብቻዎን አንድ ቀን ባለሙያ ፊት ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። «እኔም በልጅነቴ እሮጥ ነበር፣ አልሆነልኝም» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል። ያን ነገር ለማንም ሳይነግሩ ብዙ ዓመት ይዘውት የኖሩ ይመስለኛል።