ሆዋትሲን ዘመዱ ማን ነው? ጥያቄና መልስ

በደቡብ አሜሪካ፣ በአማዞንና በኦሪኖኮ ወንዞች ዳር፣ ጫካ ውስጥ ስለሚኖረው ሆዋትሲን የሚባል ወፍ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ምደባውን ከላይ እስከ ታች ቢነግሩን?

መልስ፦ ስፍኑ እንስሳት፣ ክፍለ ስፍኑ ኮርዳታ፣ መደቡ አዕዋፍ። እስከዚህ ድረስ ከዶሮ አይለይም። ከዚያ በታች ግን ብቻውን ነው፤ ክፍለ መደቡ ኦፒስቶኮሚፎርምስ፣ አስተኔው ኦፒስቶኮሚዴ፣ ወገኑ ኦፒስቶኮመስ። በሦስቱም ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለው ዝርያ እሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶውን ሳየው ቆቅ መሰለኝ። ለምን ከነዶሮ ጋር አልገባም?

መልስ፦ ገብቶ ነበር እኮ! ሙለር የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1776 ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው ፌዛንት ከሚባሉት የዶሮ ዘመዶች ወገን አስገብቶታል። በኋላ ሌሎች ኩኩ ከሚባለው ወፍ፣ ሌሎች ደግሞ ቱራኮ ከሚባለው የአፍሪካ ወፍ ጋር አዛመዱት። የዘረመል ንባብ ሲመጣ ነገሩ ይለይለታል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የ48 ወፎችን ሙሉ ዘረመል ያነጻጸረው ጥናት ከሽመላ መሰል ክሬኖችና ከባሕር ዳር ወፎች አጠገብ አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 198 ዝርያ ያየ ሌላ ጥናት ወደ የብስ ወፎች ግንድ ወሰደው። ምክንያቱ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮች ካለቁ በኋላ ብዙ የወፍ ሐረጎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ስለተለያዩ፣ የማን ቅርንጫፍ ቀድሞ እንደወጣ የሚያሳየው ምልክት በጣም ትንሽ ነው። በእኔ ግምት ክፍለ መደቡ አያከራክርም፤ ጎረቤቱ ግን ገና ያከራክራል።

ጥያቄ፦ ጫጩቱ ክንፉ ላይ ጥፍር አለው። የዳይኖሰር ቅሪት ነው ማለት አይደለም?

መልስ፦ ወፍ ሁሉ የዳይኖሰር ዘር ነው፤ እሱን የሚለየው ነገር የለም። ጫጩቱ በእያንዳንዱ ክንፍ ሁለት ጥፍር አለው። ጠላት ሲመጣ ውኃ ውስጥ ይዘላል፣ ይዋኛል፣ ከዚያ በጥፍሩ ዛፉን ቧጥጦ ይወጣል። ሲያድግ ጥፍሩ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ቅጠል በላ ነው ሲባል ሰማሁ። ያመሰኳል እንዴ?

መልስ፦ አያመሰኳም። ቅጠሉን ጉሮሮው ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ባክቴሪያ ያብላላለታል፤ ጠረኑም እበት እበት የሚለው ለዚህ ነው። ከረጢቱ ትልቅ ስለሆነ ለክንፍ ጡንቻ የተረፈው ቦታ ጥቂት ነው፤ በረራው ደካማ ነው። ከላም ጋር ግን ዝምድና አይፈጥርለትም፤ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ የደረሱበት ዘዴ ነው።

ጥያቄ፦ አፍሪካ ውስጥስ ዘመድ የለውም?

መልስ፦ በሕይወት ያለ የለውም። ናሚቢያ ውስጥ ግን ናሚቢያቪስ የተባለ የጥንት ዘመዱ ቅሪተ አካል ተገኝቷል፤ ከዚያ የሚቀድም ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ አለ። እኛ ጋ በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ፣ በድሮው አመዳደብ ቢሆን የቅርብ ዘመዱ ይባል ነበር። ዛሬ ቱራኮዎች የራሳቸው ክፍለ መደብ አላቸው።