ኤቲፒ ተመለሰ ማለት ሴሉ ዳነ ማለት ነው?

እህቴ፣ «ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ተቋርጦ ሲመለስ ኤቲፒውም (ሴሉ ለሥራው የሚያወጣው የኃይል ሞለኪውል) ፖታሺየሙም በደቂቃዎች ውስጥ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ታዲያ የነርቭ ሴሎቹ ከቀናት በኋላ ለምን ይሞታሉ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ላብራቶሪ ውስጥ ከስስ የአንጎል ቁራጭ ላይ ኦክስጅንና ግሉኮስ እያቋረጥኩ፣ ፖታሺየም የሚለካ ኤሌክትሮድ ስከታተል ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ካየሁት ልነሳ።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ይጥራ። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ፣ በእረፍት ጊዜ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የሚያስቀምጠው ስንቅ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ከኃይሉ ትልቁን ድርሻ የሚበላው የሶዲየም ፖታሺየም ፓምፕ ነው፤ በአንድ ኤቲፒ 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሺየም ያስገባል። ደም ሙሉ በሙሉ ሲቆም ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል። በዚያ ሰዓት ግን ኤቲፒ አላለቀም፤ ፎስፎክሬቲን የተባለ ፈጣን የኃይል መጠባበቂያ ጉድለቱን እየሞላለት ነው፣ እሱም ቢሆን አንድ ደቂቃ ያህል ቢያቆይ ነው። ሴሎቹ ዝም የሚሉት ኃይላቸው ተሟጦ ሳይሆን ቀድመው ሥራ ስለሚያቆሙ ነው፤ የፖታሺየም ቻናሎች (በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ መተላለፊያዎች) ይከፈታሉ፣ ኤቲፒ ሲሰበር የተጠራቀመው አዴኖሲንም በሲናፕስ፣ ማለትም በነርቭ ሴሎች መገናኛ፣ ያለውን ምልልስ ያፍነዋል። ብዙ የመማሪያ ጽሑፍ ይህን ዝምታና የአዮኑን (እንደ ሶዲየምና ፖታሺየም ያሉ ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች ሚዛን) መናጋት አንድ አድርጎ ስለሚያወራ ነው ነገሩ የሚምታታው።

መናጋቱ ራሱ ሌላ ነገር ነው። ከሴል ውጭ ያለው ፖታሺየም ከ3 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ ነው) ገደማ ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣል። አዲስ ተማሪ መስመሩን ሲያይ እንዲሁ እያዘገመ የሚቀጥል ይመስለዋል። አይቀጥልም። 10 አካባቢ ሲደርስ ሽቅብ ይወረወርና በሰከንዶች ውስጥ 50 እና 60 ይገባል። ሶዲየምና ክሎራይድ ውሃ አስከትለው ወደ ውስጥ ይጎርፋሉ፣ ሴሉ ያብጣል። ውጭ 1.2 ሚሊሞላር ገደማ የነበረው ካልሲየም ወደ 0.1 ይወርዳል፤ የወረደው ሁሉ ወደ ሴሉ ውስጥ ገብቷል። በቁራጩ ውስጥ ብርሃን አሳልፈሽ በካሜራ ብትከታተዪው እብጠቱ ከአንድ ጥግ ተነስቶ ሲስፋፋ ታዪዋለሽ። እኔ ዛሬም ሥራዬን አቁሜ አየዋለሁ።

ድንገተኛ የሚሆነው ነገሩ ራሱን ስለሚያባብስ ነው። ፓምፑ ሲዳከም ፖታሺየም ውጭ ይከማቻል፤ የተከማቸው የሴሉን ሽፋን ቮልቴጅ ያዛባል፤ ይሄ ደግሞ ቻናል ይከፍታል፣ ሌሎች ሴሎችን የሚያነቃቃውን ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል ያስለቅቃል። ግሉታሜትን ማጽዳት የነበረበት አጓጓዥም የሚሠራው በሶዲየም ግፊት ስለሆነ ይገለበጥና ራሱ ማፍሰስ ይጀምራል። በሕያው አንጎል ይህ የሚደርሰው ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ በቁራጭ ላይ ይዘገያል። ሙቀቱን ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ብታደርጊ ደግሞ በግልጽ ይርቃል። ስኳር መብዛቱም ያዘገየዋል፤ ነገር ግን ላክቴቱና አሲዱ ስለሚበዙ በኋላ ጉዳት ነው።

ደሙ ጨርሶ ሳይቆም ሲቀንስም ድንበሩ ሁለት ነው። ለ100 ግራም አንጎል በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል የሚፈስሰው ከ20 በታች ሲወርድ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴው ይጠፋል፤ አዮኑ የሚናጋው ግን 10 አካባቢ ነው። በመካከል ያለው ዝም ያለ ግን ያልሞተ ክፍል ነው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ አስትሩፕ፣ ሲሾና ሳይመን «ፔነምብራ» ያሉት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ደሙ ሲመለስ ፓምፑ ይነሳል፣ ፖታሺየም በደቂቃዎች ውስጥ ይጸዳል፣ የኤቲፒና የኤዲፒ (ኤቲፒ ኃይሉን ሰጥቶ ሲያበቃ የሚቀረው) ምጥጥንም ይስተካከላል። ጠቅላላው የኤቲፒ መጠን ግን እንደነበረው ሳይሆን ይቆያል፤ ኤቲፒው ተሰብሮ ወደ አዴኖሲንና ሃይፖዛንቲን ሲወርድ ከፊሉ ከሴሉ ስለሚወጣ መልሶ መገንባቱ ጊዜ ይወስዳል። ሌላው ደግሞ ኤቲፒ የክምችት ልክ ነው፤ ታንከር ውስጥ ያለውን ውሃ ማየት ስንት እየገባ ስንት እየወጣ እንደሆነ አይነግርም። ከጉዳቱ የወጣ ሴል እንቅስቃሴው ስለሚቀንስ፣ ኤቲፒ የሚያመነጨው የሴሉ ክፍል፣ ማይቶኮንድሪያው፣ ቢዳከምም ታንከሩ ሞልቶ ሊታይ ይችላል። የገባው ካልሲየም ደግሞ ያስጀመረው ሥራ አለ፦ ፕሮቲንና ቅባት የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ተነስተዋል፣ ማይቶኮንድሪያው ካልሲየም ውጧል፣ ተመልሶ የመጣው ኦክስጅንም ፍሪ ራዲካል (ሴሉን የሚጎዳ ሞለኪውል) ያመነጫል። ካልሲየሙ ቢወጣም እነዚህ አብረውት አይወጡም።

ተመራማሪው ኪሪኖ በ1982 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህንኑ ነው። የጀርቢል (አይጥ መሰል እንስሳ) አንጎል ደም ለ5 ደቂቃ ተቋርጦ ሲመለስ፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል፣ የሂፖካምፐስ፣ ሲኤ1 የተባለው አካባቢ ሴሎች ወዲያው አልሞቱም፤ በ4ኛው ቀን ግን አብዛኞቹ ጠፍተዋል። በእነዚህ ሴሎች ኃይሉ ተመልሶ ፕሮቲን መሥራቱ ግን ሳይመለስ ይቀራል። በወሊድ ጊዜ በታፈኑ ሕፃናትም በፎስፈረስ ስፔክትሮስኮፒ (የኃይል ሞለኪውሎችን ሳይቆርጡ በማግኔት የሚለካ ዘዴ) ሲታይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኃይሉ ደህና ይመስልና በኋላ እንደገና ይወድቃል። እስከ 33.5 ዲግሪ አካባቢ ለ72 ሰዓት የማቀዝቀዝ ሕክምና በ6 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት የሚባለውም ከሁለተኛው ውድቀት ለመቅደም ነው።

ሙከራ ልትሠሪ ካሰብሽ፣ ደሙ በተመለሰ በ30 ደቂቃ ኤቲፒ ለክተሽ አትቁሚ። ሴሎቹን በኤሌክትሪክ አነቃቂና ፖታሺየሙ በምን ፍጥነት እንደሚጸዳ ከጤነኛው ጋር አወዳድሪ፤ ጭነት ሲመጣ ነው ልዩነቱ የሚታየው። የቀናቱን ጥያቄ ግን በትኩስ ቁራጭ አትመልሺውም፣ ሰዓታት ብቻ ነው የሚቆይልሽ። ለእሱ በካልቸር (ላብራቶሪ ውስጥ በምግብ ፈሳሽ ለቀናት) የቆየ ቁራጭ ወይም ሕያው እንስሳ ያስፈልግሻል።