«ቀፈፈኝ» በእንግሊዝኛ ሲነገር

ጥያቄ፦ ላሊበላ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። አንድ የውጭ እንግዳ ወተቱ ውስጥ ዝንብ አይቶ «ያክ!» ሲል፣ እኔም እንደቀፈፈኝ ልነግረው ብዬ «አይ አም ዲስጋስቲንግ» አልኩት። ሳቀብኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? የመደንገጥ ቃላትንም ጨምራችሁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ ያሉት «እኔ የምቀፍ ነኝ» ማለት ነው። ስሕተቱ ከአማርኛችን የመጣ ነው። «ቀፈፈኝ» ስንል ባለቤቱ ዝንቡ ነው፤ እንግሊዝኛው በ«አይ» ሲጀምር ግን ባለቤቱ እርስዎ ይሆናሉ፣ የቃሉም መጨረሻ አብሮ ይለወጣል። የሚቀፈው ነገር «ዲስጋስቲንግ»፣ የቀፈፈው ሰው «ዲስጋስቲድ» ነው። ሁለቱንም ሲጠሩ «ጋስ» የሚለው ላይ ጠበቅ ያድርጉ።

«ሾኪንግ» እና «ሾክት» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «ሾክት» መጨረሻው «ት» ነው፤ «ሾክድ» ተብሎ አይነበብም። «ሾክ ሆንኩ» ማለት ስለለመድን «አይ አም ሾክ» የሚል ብዙ ነው፤ ይህ «እኔ ድንጋጤ ነኝ» ይሆናል። ያልታሰበ ስጦታ ለመጣለት ሰው «ሰርፕራይዝድ» (የተገረመ) ይበቃል፤ «ሾክት» መርዶን ለመሰለ ክፉ ወሬ ይቆይ።

«ያክ» እና «ኢው» የልጆችና የጓደኛሞች ቃል ናቸው። ሰው ደክሞ ያበሰለውን ምግብ እንዲህ ማለት በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ዘንድ ነውር ነው፤ ጨዋው አነጋገር «ኢትስ ኖት ፎር ሚ» (ለእኔ አይሆነኝም) ነው። «ግሮስ» ደግሞ በወጣቶች አፍ «የሚያስጠላ» ሲሆን፣ በደመወዝ ወረቀት ላይ ያው ቃል «ያልተጣራ» ማለት ነው።

ለእርስዎ ሥራ ይህኛው ዋና ነው፦ እንግዳ «አይ አም ዲስጋስቲድ ዊዝ ዘ ሰርቪስ» ካለ አላቅለሸለሸውም፤ በመስተንግዶው ክፉኛ ተቆጥቷል። ቶሎ ኃላፊ ይጥሩለት።

ስንደነግጥ ወሎ ላይ «በስማም!» ወይም «ያረቢ!» እንላለን፣ የሚቀየም የለም። «ኦ ማይ ጋድ» ግን የአምላክን ስም በከንቱ መጥራት የሚመስላቸው ምእመናን አሉ። «ኦ ማይ ጎሽ» ወይም «ማይ ጉድነስ» ቢሉ ብዙም ሰው አያስከፋም።

ዝንቡ ዳግም ከገባ ስለራስዎ ስሜት አይናገሩ፤ የቀፈፈው እንግዳውን ነው። «አይ አም ሶ ሶሪ፣ አይ ዊል ብሪንግ ዩ አናዘር ግላስ» (በጣም ይቅርታ፣ ሌላ ብርጭቆ አመጣልዎታለሁ) ብለው ብርጭቆውን እንዳለ ያንሱት። ዝንቡን በማንኪያ አውጥቶ ያንኑ ወተት መመለስ አይሆንም።