የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፓይተን የሌላ ቋንቋ ኮድ ሲጠራ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከቡሬ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸናና ከባሕር ዳር የመጡ ናቸው። የትዕዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስፍረናል፤ ኮዱ ላይ የሚጻፉት ግን በላቲን ነው።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ የምሠራው እህል መጋዘን ውስጥ ነው። ከዲጂታል ሚዛናችን ጋር በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) መጥቷል። የሲ ኮድ በሚጠራልን የፓይተን መሣሪያ፣ በ«ሲታይፕስ»፣ አማካይነት ክብደቱን ሳነብ፣ ሚዛኑ 99.6 ኪሎ እያሳየ እኔ ጋ የሚመጣው በየጊዜው የሚለዋወጥ ትርጉም የለሽ ሙሉ ቁጥር ነው። ጥፋቱ የሚዛኑ ነው ወይስ የኮዴ?

መልስ፦ ሚዛኑ ጤነኛ ይመስለናል። ሲታይፕስ የተከፈተውን ላይብረሪ ሄደር ፋይል (የፈንክሽኖቹ ዝርዝር የተጻፈበትን ፋይል) አያነብም። ስለዚህ ፈንክሽኑ ምን እንደሚመልስ ካልነገሩት «32 ቢት ሙሉ ቁጥር ነው» ብሎ ይገምታል። የእርስዎ ፈንክሽን ደግሞ የሚመልሰው ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ነው። በ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽኖች ደብል የሚመለሰው ኤክስኤምኤም ዜሮ በተባለው ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ሲሆን፣ ሙሉ ቁጥር የሚመለሰው በሌላ ሬጅስተር፣ በኢኤኤክስ፣ ነው። ፓይተን ሄዶ የሚያነበው ኢኤኤክስን ስለሆነ እዚያ ከቀድሞ ሥራ የተረፈውን ቁጥር ይዞ ይመጣል። ቁጥሩ በየጊዜው የሚለዋወጠውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት መስመር ነው። ላይብረሪውን ከከፈቱ በኋላ፣ ፈንክሽኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጥራትዎ በፊት፣ «ረስታይፕ» የሚለውን (የሚመልሰውን ዓይነት) «ሲ ደብል» ያድርጉት። በ«አርግታይፕስ» ደግሞ የሚቀበላቸውን ዓይነቶች በቅደም ተከተል ዘርዝረው ይስጡት። ሁለቱንም ከአምራቹ ሄደር ፋይል ላይ ቃል በቃል ይገልብጡ እንጂ በግምት አይሙሉ። በተለይ «ሎንግ» ከሚለው ይጠንቀቁ፤ በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት ነው፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ ግን 4 ባይት ብቻ። ሲታይፕስ ውስጥ ያለው «ሲ ሎንግ» ከማሽኑ ጋር አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ ሄደሩ ሎንግ ካለ እርስዎም እሱኑ ይጻፉ።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። እንዲህ ያሉ ላይብረሪዎች ብዙውን ጊዜ መሣሪያውን ሲከፍቱ አንድ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥሪ ሁሉ ያንን ፖይንተር ይጠይቃል። ረስታይፑን ካልነገሩት 64 ቢቱ አድራሻ ለ32 ቢት ተቆርጦ ይቀራል። አድራሻው ትንሽ ቁጥር በሆነበት ቀን ሥራው ያልፋል፤ ትልቅ በሆነበት ቀን ሁለተኛው ጥሪ ላይ ፕሮግራሙ ያለ ምንም የፓይተን የስሕተት መልእክት ይሞታል። ስለዚህ መሣሪያውን የሚከፍተውን ፈንክሽን ረስታይፕ «ሲ ቮይድ ፒ» (የአድራሻ ዓይነት) ያድርጉ፤ ፖይንተሩን የሚቀበሉት ፈንክሽኖች አርግታይፕስም እንዲሁ። «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚባል ነገር ሲያጋጥም መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ዊንዶውስ ላይ ላይብረሪውን ሲከፍቱ ስሕተት ቁጥር 193 ከመጣ፣ ላይብረሪው የ32 ቢት፣ ፓይተንዎ የ64 ቢት ነው ማለት ነው፤ ወይም በተቃራኒው። የ«ሲ ቮይድ ፒ»ን መጠን በ«ሳይዝኦፍ» ይጠይቁ፤ 8 ካለ ፓይተንዎ የ64፣ 4 ካለ የ32 ቢት ነው። ሁለቱን በአንድ ፕሮሰስ (በአንድ የሚሮጥ ፕሮግራም) ውስጥ ማስማማት አይቻልም። የ64 ቢት ላይብረሪ ከአምራቹ ካልተገኘ የ32 ቢት ፓይተን ይጫኑ።

ይህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ ክብደቱን በእርግጠኝነት የሚያውቁትን የሚዛን ድንጋይ ጭነው ያረጋግጡ፤ የገበሬው ክፍያ የሚሰላው በዚህ ቁጥር ነውና።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የተማሪዎች ምዝገባ ፕሮግራማችን የትውልድ ቦታን በሲ ላይብረሪ ውስጥ 20 ባይት በሆነ ቦታ ያስቀምጣል። «ፍኖተ ሰላም» በትክክል ይመለሳል። «ደብረ ማርቆስ» ግን ፓይተን ላይ የዩኒኮድ ስሕተት ያመጣል። ሁለቱም አማርኛ ሆነው ሳለ ለምን?

መልስ፦ ልዩነቱ የባይት ብዛት ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጠው አሠራር) የተለመዱት የአማርኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ፤ ክፍት ቦታው 1 ባይት። «ፍኖተ ሰላም» 6 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስለሆነ 19 ባይት ነው፤ ሲ መጨረሻው ላይ የምትፈልገው ዜሮ ሲታከል ልክ 20። አንድም ባይት አልተረፈም። «ደብረ ማርቆስ» 22 ባይትና ዜሮው፣ 23 ይፈልጋል።

ላይብረሪው የሚገለብጠው በ«ስትርኤንሲፒ» ከሆነ 20 ባይት ብቻ ወስዶ ያቆማል፤ ከ«ስ» የመጀመሪያዋን ባይት ብቻ ያስገባል፣ መዝጊያ ዜሮም አይጨምርም። ጽሑፉን መልሶ የሚያነበው ኮድ ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ጎረቤት ሜሞሪ ይዘልቃል። ፓይተን የተቆረጠችውን ፊደል መፍታት ስለማይችል ይጮኻል፤ መጮኹም ደግ ነው። ገደብ በማያውቀው «ስትርሲፒ» ቢሆን ኖሮ ትርፎቹ 3 ባይቶች የጎረቤቱን መረጃ ደምስሰው ማንም ሳያውቅ ያልፉ ነበር።

ቦታውን ሲወስኑ የፊደሉን ብዛት በ3 አባዝተው ክፍት ቦታዎቹንና 1 ይጨምሩ። የተማሪው፣ የአባትና የአያት ስም እያንዳንዳቸው እስከ 8 ፊደል ቢሆኑ 72፣ ሁለት ክፍት ቦታና ዜሮው ሲጨመሩ 75 ይመጣል፤ 128 ቢመድቡ ረጃጅም ስሞችም ይገባሉ። ፓይተን የ«ደብረ ማርቆስ»ን ርዝመት 8 ሲል የሲው «ስትርሌን» 22 ይላል። ስለዚህ የሚጽፈውን ፈንክሽን ሲጠሩ የሚያስተላልፉት የባይቱን ርዝመት ይሁን። የግድ መቁረጥ ካለብዎት፣ መቁረጫው ቦታ ላይ ያለው ባይት ከ128 እስከ 191 ከሆነ የፊደል መካከል ነው፤ ከዚህ ክልል ውጭ የሆነ ባይት እስኪያገኙ ወደ ኋላ ይመለሱና እዚያ ይቁረጡ።

ሲ የሚጽፍበትን ቦታ ፓይተን ውስጥ የሚያዘጋጀው «ክሪኤት ስትሪንግ በፈር» ነው። ተራ የባይት ስትሪንግ አይስጡ፤ ፓይተን እንደማይለወጥ ቆጥሮ የያዘውን ነገር ሲ ከበስተጀርባ ትለውጥበታለች። ላይብረሪው ራሱ በሲው የሜሞሪ መጠየቂያ በ«ማሎክ» ቦታ ወስዶ ስም የሚመልስ ከሆነ ደግሞ ረስታይፑን «ሲ ቻር ፒ» አያድርጉ። ሲታይፕስ ጽሑፉን ገልብጦ አድራሻውን ይጥለዋል፤ ያ ሜሞሪ ዳግም አይለቀቅም። «ሲ ቮይድ ፒ» ብለው ይቀበሉ፣ በ«ስትሪንግ አት» ይገልብጡ፣ ከዚያ በላይብረሪው በራሱ የመልቀቂያ ፈንክሽን ያስለቅቁ። ቦታውን የወሰደው ወገን ነው መመለስ ያለበት።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ በሲ ፕላስ ፕላስ የሠራሁት ላይብረሪ በፓይተን ይከፈታል፤ ፈንክሽኑ ግን «አልተገኘም» ይባላል።

መልስ፦ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር የፈንክሽኑን ስም ከሚቀበላቸው ዓይነቶች ጋር አጣምሮ ይለውጠዋል። ሊኑክስ ላይ «ኤንኤም» የሚለውን ትዕዛዝ ከ«ዲ» አማራጭ ጋር ቢያስሮጡት የተለወጠውን ስም ያዩታል። ከፈንክሽኑ ፊት «ኤክስተርን ሲ» ይጻፉና እንደገና ኮምፓይል ያድርጉ። ከዚህ ፈንክሽን ወደ ፓይተን የሚወጣ ኤክሴፕሽን (የሲ ፕላስ ፕላስ የስሕተት ምልክት) እንዳይኖር ሁሉንም ውስጡ ይዘው የስሕተት ቁጥር ይመልሱ። ክላሶችዎ ብዙ ከሆኑ በዚህ መንገድ አይድከሙ፤ ሲ ፕላስ ፕላስን ከፓይተን የሚያገናኘው «ፓይባይንድ 11» ይሻልዎታል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የግልገል አባይን የዝናብና የፍሰት ስሌት የሚሠራ የቆየ የፎርትራን ኮድ አለኝ። ከፓይተን 365 ቀን በ4 ጣቢያ የዝናብ ሠንጠረዥ ስልክለት ምንም ስሕተት አይልም፤ የጣቢያዎቹ ድምር ግን የተቀላቀለ ነው።

መልስ፦ ፎርትራን ሠንጠረዥን በሜሞሪ የሚደረድረው ዓምድ በዓምድ ነው፤ ነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ሠንጠረዥ ላይብረሪ) ካልታዘዘ ረድፍ በረድፍ። በሁለቱም በኩል 1460 ቁጥር ስላለ ምንም አይጎድልም፤ ቦታቸው ብቻ ይዛባል። ሠንጠረዡን ከመላክዎ በፊት በ«አስፎርትራንአሬይ» ያዙሩት። ፎርትራኑ ውስጥ «ሪል» ብቻ ከተባለ ቁጥሩ በተለመደው 4 ባይት ነው፤ የነምፓይ መደበኛ ግን 8 ስለሆነ አንዱን ከአንዱ ያስተካክሉ። በሲታይፕስ የሚሄዱ ከሆነ ፎርትራን ነጠላ ቁጥርን እንኳ በአድራሻ እንደሚቀበል አይርሱ። ጂፎርትራን የተባለው የፎርትራን ኮምፓይለር የፈንክሽኑን ስም በትንንሽ ፊደል አድርጎ መጨረሻው ላይ የታች ሰረዝ ይጨምርበታል፤ «ባይንድ ሲ» ከጻፉ ሰረዙ ይቀራል።

ለእርስዎ ሥራ ግን ከነምፓይ ጋር የሚመጣውን፣ ፎርትራንን ከፓይተን የሚያገናኘውን «ኤፍ2ፓይ» እንመርጣለን፤ አድራሻውንም ድርድሩንም ራሱ ይይዝልዎታል። ፓይተንዎ 3.12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ሜሶን» እና «ኒንጃ» የተባሉ የኮድ መገንቢያ መሣሪያዎች ያስፈልጉታል፤ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አስቀድመው ይጫኗቸው።